ዝናቡም የኔ ጥፋት ነበር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ቤቱ ጸጥ እስኪል ጠብቄ ነው የምቀዳው። ልጆቹ ተኝተዋል። ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ምክንያቱ እሱ ነው፣ ይቅርታ።

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከረመ። ትልቅ ጉዳይ አይደለም። ልጆቹን ይዘን ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ልንሄድ ነው። ታዲያ የጉዞ ወኪል እንያዝ ወይስ እንደ ባለፈው እኔው ልጋፈጠው? ይኸው ነው ጥያቄው። ሲሰሙት ቀላል ነው። እኔን ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ባለፈው ስል በ2022 ማለቴ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ። ያኔ ሁሉንም ነገር የጨረስኩት እኔ ነኝ። በረራውን፣ ሆቴሉን፣ ትኬቱን፣ በየትኛው ቀን የትኛው ፓርክ እንደምንገባ፣ ሁሉንም። አራቱን ፓርኮች ኤክሴል ላይ በቀለም ለይቼ አስቀምጬ ነበር። ማጂክ ኪንግደም ሰማያዊ፣ ኤፕኮት ሐምራዊ፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ቀይ፣ አኒማል ኪንግደም አረንጓዴ። ባለቤቴ አየውና «ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ የመንግሥት በጀት?» አለኝ። ሳቅኩ። በልቤ ግን ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ ጉዞ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ግን ቤተ መንግሥቱም ርችቱም አይደለም። የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ነው። ያኔ ረጅሙን ሰልፍ ለማለፍ ጂኒ ፕላስ የሚባል የሚከፈልበት አገልግሎት ነበር። የቀኑን የመጀመሪያ ቦታ የምትይዙት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፣ በነሱ አቆጣጠር 7 መሆኑ ነው። ልጆቹ እንዳይነቁብኝ መብራቱን ሳላበራ ተነሳሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ሰዓቷን እጠብቃለሁ። ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ... ልክ አንድ ሲል ተጫንኩት። አፑ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሲመለስ የፈለግኩት ጨዋታ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሆኗል። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሌላ ፓርክ ለመሆን ነበር ያቀድነው። አራት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው የነጋልኝ፣ ገንዳ ላይ።

ሆቴሉም የራሱ ታሪክ አለው። ስሙ ይቅር። ማስታወቂያው «ለፓርኩ ቅርብ፣ ነጻ ሰርቪስ ያለው» ይላል። ሰርቪሱ ነበረ፣ ውሸት አልነበረም። ግን የሚሄደው በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም በዋዜማው የተመዘገበ ሰው ነው የሚሳፈረው። ይህንን ያወቅኩት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሜ ነው። ማጂክ ኪንግደም ደግሞ ሰርቪስ በሩ ድረስ አያደርሳችሁም። ሐይቁ ማዶ ያለው ትልቁ መናኸሪያ ላይ ያወርዳችሁና ከዚያ በሞኖሬል ወይም በጀልባ ትሻገራላችሁ። የልጁን ጋሪ አጥፌ፣ ዘርግቼ፣ እንደገና አጥፌ... ትንሹ ያኔ 2 ዓመቱ ነበር። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ነው የሚገባው፤ ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣ። ወሩ ሐምሌ ነው። ፍሎሪዳ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል፣ የታወቀ ነው። መብረቅ ሲኖር ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ይዘጋሉ። አንድ ጣሪያ ስር ተጠልለን ቆመናል። ትልቋ ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «ማሚ፣ ዛሬ እንደሚዘንብ አላየሽም እንዴ?» አለችኝ።

እስኪ ፍረዱኝ። ዝናቡም የኔ ጥፋት ሆነ።

በክፋት አይደለም ያለችው፣ ልጅ ናት። ግን ያቺ ጥያቄ አልወጣ አለችኝ። ዕቅዱን ያወጣ ሰው የሁሉም ነገር ተጠያቂ ይሆናል። ሰልፉ ሲረዝም ዓይን ወደሱ ይዞራል። ጫማ ሲልጥ ወደሱ። ማንም አፍ አውጥቶ አልወቀሰኝም፣ ባለቤቴም አንድ ቃል አልተናገረኝም። እኔው ነኝ ራሴን ስከስ የዋልኩት።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጆቹ እንደገና እንሂድ ሲሉ ሆዴ ቡጭ አለ። ይህን ያየች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ለምን ወኪል አትይዢም? ነጻ እኮ ነው» አለችኝ።

ነጻ! እኔ ነጻ የሚባል ነገር ስሰማ ኪሴን ነው የምጨብጠው። ቁጭ ብዬ አጣራሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ወኪሉ ሆቴሉንና ትኬቱን ሲሸጥላችሁ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ዲዝኒ ራሱ ነው። እኔ በቀጥታ ብገዛም በወኪል ብገዛም የፓኬጁ ዋጋ ያው ነው። አንዳንድ ወኪሎች በዚያ ላይ የዕቅድ ማውጫ ክፍያ ለብቻው ይጠይቃሉ፣ እሱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በረራ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በ1995 ዴልታ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት ኮሚሽኑን በ50 ዶላር ገደበው፣ ሌሎቹም ተከተሉት። በ2002 ደግሞ መሠረታዊውን ኮሚሽን ጭራሽ አስቀሩት። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙ ወኪል የአውሮፕላን ትኬት ስታነሱበት ወይ ፊቱን የሚያዞረው ወይ የአገልግሎት የሚያስከፍለው።

እሺ፣ ገባኝ። ግን ሌላ ጥርጣሬ መጣ። ኮሚሽኑ በመቶኛ ነው የሚታሰበው። እኔ ብዙ ባወጣሁ ቁጥር ወኪሉ ብዙ ያገኛል ማለት ነው። ታዲያ ውዱን ሆቴል አያስይዘኝም?

አንዲት ወኪል ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የምዝገባ ቁጥሯን ጠየቅኳት። ፍሎሪዳም ካሊፎርኒያም ጉዞ የሚሸጥ ሰው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ እንዲመዘገብ በሕግ ያስገድዳሉ። ቅር ሳይላት ወዲያው ላከችልኝ። ቀጥሎ ስለ ሆቴል ስታነሳ ጆሮዬን ቀሰርኩ። የጠቆመችኝ ፖፕ ሴንቸሪን ነው። ከዲዝኒ ሆቴሎች በርካሹ ምድብ ውስጥ ያለ ነው። «ቀኑን ሙሉ ውጭ ናችሁ፣ ለመኝታ ብቻ ለምን ትከፍላላችሁ?» አለችኝ። ደግሞም ስካይላይነር የሚባለው በገመድ ላይ የሚሄድ ማመላለሻ ከዚያ ወደ ኤፕኮትና ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ይወስዳል። ጋሪ ማጠፍ ቀረ ማለት ነው። ወይ ጉድ፣ ጋሪው እኮ ዘንድሮ የለም፣ ልጁ አድጓል። ግን ያ ሰርቪስ ከውስጤ አልወጣም።

ከዚያ የኔ ተራ አለቀና እሷ መጠየቅ ጀመረች። «ትልቋ ልጅሽ ልደቷ መቼ ነው?» ለምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም። ለካ እዚያ የልጅ ዋጋ እስከ 9 ዓመት ድረስ ነው፣ 10 የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። የኔ ልጅ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት 10 ይሞላታል። አየሩም ሆነ የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ስለማይፈቅድ ቀኑን መቀየር አልቻልንም። ቢሆንም ቀድሞ ማወቅ ሌላ ነው።

«የትንሹስ ቁመት?» አለችኝ።

ይህንን መመለስ አቃተኝ። እናቱ ነኝ፣ ቁመቱን አላውቅም። ስልኩን ሳልዘጋ ጠራሁትና በሩ ጋ አቆምኩት። ሜትሩን ስዘረጋ ነገሩ ገባው መሰለኝ። ተረከዙ ቀስ ብሎ ከወለሉ ሲነሳ አየሁት። «ጫማህን አውልቅ፣ ተረከዝህን መሬት» ስለው አገጩን ወደ ላይ ዘረጋ። 110 ሴንቲሜትር። ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን ለሚባለው ጨዋታ 97 ይበቃል፣ አለፈ። ጨለማ ውስጥ የሚበረው ስፔስ ማውንቴን ግን 112 ይፈልጋል። በሁለት ሴንቲሜትር ወደቀ። አሁን በየጠዋቱ በሩ ጋ ሄዶ ይቆማል። በርበሬ የቀመሰ ይመስል ፊቱን ጨምድዶ ይንጠራራል።

በ2022 ኤክሴሌ ላይ ያልነበረው ይሄ ነው። ስንት ሰዓት የት እንደምንሆን በደቂቃ አውቅ ነበር። ልጄ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነች ግን አልጻፍኩም።

ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር፣ የማውቀው ሁሉ አርጅቷል። እዚያ ገንዳ ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ጂኒ ፕላስ በሐምሌ 2024 ቀርቷል። በምትኩ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ የሚሉት መጥቷል፣ እሱም ቀድሞ የሚያዝ ነው። በዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው ከ7 ቀን በፊት፣ ውጭ የሚያድር ከ3 ቀን በፊት ይይዛል። ያኔ ከትኬቱ ሌላ የፓርክ ቀጠሮ ማስያዝ ግዴታ ነበር። ቀን ለተቆረጠለት ትኬት ይሄም ከጥር 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ግንቦት 2025 ላይ ደግሞ የዲዝኒ ተፎካካሪ የሆነው ዩኒቨርሳል እዚያው ኦርላንዶ ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባል አዲስ ፓርክ ከፍቷል። ትልቋ እሱንም ካላየሁ ብላ ይዛኛለች። ወኪሏን ስጠይቃት «በአራት ቀን ውስጥ? ከዲዝኒ አንዱን ቀን ቀንሺ ወይ ተይው» አለች። እውነቷን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ባለፈው አይቼዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ስትሰሙኝ በቃ ወኪል ያዘች ብላችኋል። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

የማይጥም ነገርም አለው። በወኪል የተያዘ ነገር ላይ እኔ ራሴ ለድርጅቱ ደውዬ «ይሄን ቀይሩልኝ» ብል «ወኪልሽን አናግሪ» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ ሐሳቤን የምቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ወኪሌ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ተኝታለች። ላይትኒንግ ሌኑንም እሷ አትይዝልኝም። ደረጃ በደረጃ ጽፋ ትልክልኛለች እንጂ መጫኑ የኔ ነው። የሚይዙልሽ ወኪሎች አሉ፣ ግን ያስከፍላሉ አለችኝ። በሌላ በኩል ድንገት የዋጋ ቅናሽ ቢወጣ እየተከታተለች ቦታችን ላይ ታስገባልናለች። ለኔ ይሄ ብቻውን ብዙ ዋጋ አለው። ባለፈው ከገዛሁ በኋላ ቅናሽ ወጥቶ እንደሆነ ዞር ብዬም አላየሁም።

ለባለቤቴ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት። በጽሞና ሰማኝና «ቆይ፣ አንቺ የምትፈልጊው ወኪል ነው ወይስ ጥፋቱን የሚጋራሽ ሰው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሸሸው የነበረው እሱን ነው። ስለ ኮሚሽን ያን ሁሉ ያነበብኩት፣ ስለ ሆቴል ያን ሁሉ የጠየቅኩት፣ ለካ በሚቀጥለው ዝናብ ጊዜ «እሷ ናት እኮ» ብዬ ጣቴን የምቀስርበት ሰው ፈልጌ ነው። ምስኪኗ ሴትዮ! ስለማታውቀው ቤተሰብ ዝናብ ልትጠየቅ።

«እኔስ?» አለኝ ባለቤቴ። «ለምን ለኔ አትሰጪኝም ግማሹን?»

እውነት ለመናገር ጠይቄው አላውቅም። ያንን በቀለም ያሸበረቀ ኤክሴል ሳሳየው ልርዳሽ ቢለኝ እምቢ እለው እንደነበር አውቀዋለሁ። ዝግጅቱን እወደዋለሁ። ገንዳውን ነው የማልወደው።

በመጨረሻ እንዲህ ተከፋፈልን። ሆቴሉንና ትኬቱን ወኪሏ ይዛልናለች። በረራውን እኔ ገዛሁ፣ እሷም ራስሽ ግዢው ብላኛለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓቱ የላይትኒንግ ሌን ነገር የባለቤቴ ሆኗል። አፑን ስልኩ ላይ ጭኖ ይለማመዳል፣ ትናንት የይለፍ ቃሉን ሦስቴ ተሳስቶ ተቆለፈበት። ምንም አላልኩም። ከንፈሬን ነክሼ ወጣሁ።

ነገ ደግሞ 60ኛው ቀን ነው። እዚያ ምግብ ቤት የሚያዘው ከ60 ቀን በፊት ነው። በሆቴሎቻቸው ለሚያድር ደግሞ በዚያው ዕለት የቆይታውን ቀናት በሙሉ፣ እስከ 10 ቀን ድረስ፣ አንዴ መያዝ ይቻላል። ቦታዎቹ ማለዳ ይከፈታሉ። ወኪሏ «እኔ እይዝላችኋለሁ፣ አንቺ ተኚ» ብላኛለች። ዝርዝሩን ሰጥቻታለሁ። የልጆቹን ምርጫ፣ ሰዓቱን፣ ካልተገኘ ምን እንደሚተካው፣ ሁሉንም።

ስልኬን ግን ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲጮህ ሞልቼዋለሁ። ባለቤቴ እንዳይሰማ ንዝረት ላይ ነው ያደረግኩት። በሉ ደህና እደሩ፣ እኔም ልተኛ።