የውኃ ራት

ዛሬ ድምፄ ቢጎረንን ይቅርታ፤ ጠዋቱን ሙሉ የፖርት ፊሊፕን ጨዋማ ውኃ ስጠጣ ነው ያረፈድኩት። እዚህ ሜልበርን ያላችሁ ባሕሩን ታውቁታላችሁ፤ ነፋስ ሲነሣበት አጫጭርና ቁጡ ማዕበል ያበዛል።

ጀልባዬ ሞዝ ትባላለች፤ በእኛ ቋንቋ የእሳት ራት። ዘሯ የተጀመረው ከዚሁ ብዙም ሳይርቅ፣ ኢንቨርሎክ በተባለች ከተማ፣ በፈረንጆች 1928 ነው። ርዝመቷ 3.36 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከነሸራዋ 30 ኪሎ ያህል፤ ሲሶ ኩንታል እንኳን አትሞላም። ከሆዷና ከመሪዋ ሥር ግን ክንፍ አላት። ውኃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ ያቺ ትንሽ ክንፍ ውኃ ውስጥ እየሄደች እኔን ከነጀልባዬ ከውኃው በላይ አንሥታ ትሸከማለች። ከአፍንጫዋ የተንጠለጠለ ቀጭን ዘንግ ደግሞ፣ ዓይነ ስውር በዱላው መንገዱን እንደሚዳስስ፣ የውኃውን ገጽ እየዳሰሰ ለክንፏ ያሳብቃል፦ ዝቅ ብላለች አንሣት፤ ከፍ ብላለች መልሳት።

እማዬ ቪዲዮውን ልኬላት፣ «አንተ ልጅ፣ ከውኃው ከወጣች ጀልባነቷ ምኑ ላይ ነው?» አለችኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

መነሣቷ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማዕበሉ ሆዷን በጥፊ ይመታል፣ ፊቴ ላይ ይረጫል፣ ሁሉም ነገር ይንኳኳል። ከዚያ በድንገት ዝም። ከእግሬ በታች ቀጭን እንጉርጉሮ ብቻ ይቀራል፤ ክንፏ ናት። እኔን የሚያስፈራኝ ጩኸቱ ሳይሆን ይህ ዝምታ ነው። ሰውነቴ ደንግጦ አንድ ነገር ማድረግ ያምረዋል፤ ያደረግሁት ሁሉ ደግሞ ስሕተት ይሆናል። ሌላ ሸራ ጀልባ ነፋሱ ወደ ገፋው ያዘነብላል። ሞዝ ስትበር ግን ወደ ነፋሱ፣ ወደ እኔ ማዘንበል አለባት። ልትወድቅብኝ ነው ብዬ የምሸሸው ማዘንበል ነው የሚያቆማት። ይህን በአእምሮዬ የተረዳሁት በአንድ ቀን ነው፤ ወገቤ እስኪረዳው ሁለት ክረምት ፈጀ።

ዛሬ ጥሩ እየበረርኩ ሳለ ጥቂት ከፍ አልኩ። ክንፏ ከውኃው ብቅ አለች፣ አየር ሳበች፣ አቅሟም በቅጽበት ከዳት። አፍንጫዋ ተተከለ። ጀልባዋ ቆመች፤ እኔ አልቆምኩም። በምሰሶው ገመዶች መካከል አልፌ ሄድኩ።

ሮሃን ቪል የተባለ አውስትራሊያዊ በፈረንጆች 2005 በእነዚህ ክንፎች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ዛሬ ጎበዞቹ በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራሉ፤ ነፋሱን ከኋላቸው ይዘው ሲዞሩ እንኳን ውኃ አይነኩም። እኔ በዚያ ዙር ላይ ውኃ ሳልነካ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ስድስቴም ራት ሆንኩ፤ የእሳት ሳይሆን የውኃ።

ግራ ጆሮዬ ገና አልተከፈተም። ቅጂው በአንድ ወገን ጮክ ብሎ ከተሰማችሁ ጥፋቱ የማይክሮፎኑ አይደለም።