የጣና ሰዎች በዱባይ የጀልባ ኤግዚቢሽን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ዱባይ ነው። ስለ ፎቆቹና ስለ ገበያዎቹ ግን አይደለም፣ ስለ ጀልባ ነው። ከአጎቴ ጋር ሄደን የዱባይን ዓለም አቀፍ የጀልባ ኤግዚቢሽን አይተን መጣን። ከመጣን ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል፤ እሱን ላካፍላችሁ ነው።

ለማያውቁኝ፣ ቤተሰባችን ባህር ዳር ላይ በጀልባ ሥራ ነው የሚተዳደረው። እንግዳ ወደ ዘጌ እንወስዳለን፣ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ እናደርሳለን፤ ቀኑ ከተመቸ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ድረስ እንዘልቃለን። ሥራውን ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው በልጅነታቸው የደንገል ታንኳ ቀዝፈዋል፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው ባህር ዳር ገበያ አውርደዋል። ሞተር የያዙት ከዚያ በኋላ ነው። የጣናን ነፋስ ሲያነብቡ ብታዩዋቸው ትገረማላችሁ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ገና ጸጥ ብሎ ሳለ "አሁን እንመለስ" ይላሉ። ብዙም ሳይቆይ ማዕበሉ ይነሳል።

ልጃቸው ዱባይ ነው የሚሠራው። "አባዬ፣ እዚህ በየዓመቱ ትልቅ የጀልባ ኤግዚቢሽን አለ፣ ኑና እዩት፣ ማረፊያውን ለእኔ ተዉት" እያለ ሲወተውት ቆይቷል። ቱሪስት ከቀነሰ ወዲህ የእኛም ሥራ እንደ ድሮው አይደለም፣ ጀልባው ከሚሄድበት የሚቆምበት ቀን ይበዛል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለጉዞ ገንዘብ ማውጣት ከባድ ነው። ጋሼ ግን "ሥራ ሲቀዘቅዝ ካልተማርን መቼ ልንማር ነው?" አሉ። ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ በአየር በረን ደረስን።

ኤግዚቢሽኑ የሚካሄደው ዱባይ ሃርበር ላይ ነው። በአንድ በኩል ፓልም ጁሜይራ የሚባለው፣ በሰው እጅ የተሠራው ደሴት አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ግዙፍ የመዝናኛ መንኮራኩር ቆሟል። በመካከሉ ጀልባና መርከብ ተደርድሮ ይታያችኋል። ሆቴል የሚያህል መርከብ አለ። የጣሊያኖቹ አዚሙትና ፌሬቲ፣ የእንግሊዞቹ ሰንሲከርና ፕሪንሰስ፣ የእዚያው የኤምሬትስ ሰዎች ገልፍ ክራፍት፣ ሁሉም የሠሩትን አምጥተዋል።

ስለ ቅንጦቶቹ ብዙ አላወራም። ያምራሉ፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። መርከቡ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጫማ ታወልቃላችሁ። በመወጣጫው ሥር ቅርጫት ተቀምጧል፣ የሀብታሙም የጎብኚውም ጫማ እዚያው ይገባል። ወለሉ ከቲክ እንጨት የተሠራ ስለሆነ እንዳይጫር ነው። ጋሼ ጫማቸውን እያወለቁ ዝቅ ባለ ድምፅ "ዑራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ያለን መሰለኝ" አሉኝ። እውነትም እኛ እንግዳ ይዘን ገዳም በር ላይ ስንደርስ መጀመሪያ የምናስወልቀው ጫማ ነው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ዘና አሉ። እስከዚያ ድረስ "ይኼ የእኛ ቦታ አይደለም" የሚል ነገር ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ መርከቦቹን ፎቶ ሲያነሳ ጋሼ ቁልቁል ነበር የሚያዩት። የምንራመድበት መድረክ እግራችን ሥር በትንሹ ይነቃነቃል። ተንሳፋፊ ነው፣ ውሃው ላይ ነው የተኛው። ጋሼ ጉልበታቸው ላይ ተንበርክከው ጠርዙን መመርመር ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ከባህሩ ወለል ተነስቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ወፍራም የብረት ምሰሶ አለ። መድረኩ ምሰሶውን በቀለበት አቅፎታል። በቀለበቱ ውስጥ ምሰሶውን የሚነኩ የጎማ መንኮራኩሮች አሉ። ውሃው ከፍ ሲል መድረኩ በእነዚያ መንኮራኩሮች ምሰሶውን ይዞ ይወጣል፣ ዝቅ ሲል አብሮ ይወርዳል። ወደ ጎን ግን ንቅንቅ አይልም። ምሰሶው ላይ ውሃው የደረሰበት ጥቁር ምልክት ይታያል። ጋሼ ያንን ምልክት በጣታቸው ለኩና "ይኼ የዛሬ ነው?" አሉኝ። አዎ፣ የዛሬ ነው። ባህር በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል።

የእኛ ጣና እንደዚያ አያደርግም። እሱ የሚሞላውና የሚጎድለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጢም ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ሰኔ ላይ ዝቅተኛው ቦታ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል የጨራ ጨራ ግድብ አለ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። የጀልባ መውረጃዎቻችን ግን ድንጋይና ሲሚንቶ ናቸው፣ አንድ ቦታ ላይ ተገንብተው ቀርተዋል። ጥቅምት ላይ ጀልባው ከመውረጃው እኩል ይሆናል፣ እንግዳው እርምጃ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ግንቦት ላይ ያው ጀልባ ታች ይቀራል። ያኔ አሮጊት እናት ከዘጌ ቡናቸውን ተሸክመው ሲመጡ ሁለት ሰው ብብታቸውን ይዞ ነው የሚያወርዳቸው። ነፍሰ ጡር ስትመጣ እንዲሁ። እናንተም አይታችሁት ይሆናል።

እኛ ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብለነው ነው የኖርነው። ውሃው ይወርዳል፣ ሰው ይዘላል። ዱባይ ላይ ያ መድረክ ሲነቃነቅ ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ። በቀን ሁለት ጊዜ ከሚለዋወጥ ውሃ ጋር መኖር ከተቻለ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚለዋወጠው ጋር እንዴት ያቅታል? የእኛ እኮ ይቀላል! ደግሞ ውድ ዕቃ አይፈልግም። አየር የማያስወጣ የፕላስቲክ በርሜል፣ ጠንካራ ሳንቃ፣ ሁለት የብረት ምሰሶ፣ ምሰሶውን የሚያቅፍ ቀለበት። ባህር ዳር ውስጥ ይህን የማይሠራ በያጅ የለም።

ጋሼ ከዚያ በኋላ መርከብ ማየቱን ተዉት። ቀኑን በሙሉ የዕቃ አዳራሹ ውስጥ ዋልን። ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ መልህቅ፣ ገመድ፣ ፓምፕ። ገነት ማለት ለእሳቸው ያ አዳራሽ ነው።

አንድ የሞተር ሻጭ ዘንድ ቆምን። ወጣት መሐንዲስ ነው፣ ትሑት ልጅ። "በየትኛው ባህር ላይ ነው የምትሠሩት?" ብሎ ጠየቀን። ሐይቅ ላይ ነው፣ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ አልነው። ዓይኑ በራ። ወንበር ሰጠን፣ ወረቀት አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባህር ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጣና ላይ ሲደርስ 33 አካባቢ ነው የሚሰጠው። ሞተሩ አልተበላሸም፣ ጤነኛ ነው። እሱ የመከረን ትልቅ ሞተር እንድንገዛ አይደለም። ፕሮፔለሩን ቀይሩ ነው ያለን። ፕሮፔለር አንዴ ሲዞር ጀልባውን ወደፊት የሚገፋበት ርቀት በኢንች ይለካል። ያንን ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት ዝቅ ስታደርጉት ሞተሩ ሳይጨነቅ የሚገባውን ያህል ይዞራል፣ ነዳጅም አያባክንም።

ሁለተኛው ነገር ከሞተሩ እግር ላይ የምትታሰረው ብረት ናት። ጀልባ ያላችሁ ታውቋታላችሁ። ሥራዋ እሷ እየተበላች ሞተሩን ከመበላት ማዳን ነው። ከፋብሪካ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ዚንክ ናት፣ ለጨው ውሃ ማለት ነው። ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ስትገባ ላይዋ ላይ ቅርፊት ትሠራና ሥራ ታቆማለች። ባህር ዳር ላይ "የእኔ ሞተር ዚንክ ይኸው ዓመታት አላለቀም" እያለ የሚደሰት ብዙ ሰው አለ። ያላለቀችው ስለማትሠራ ነው! ለሐይቅ የሚሆነው ማግኒዚየም ነው። ይህን የምትሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ ካላችሁ፣ እባካችሁ ነገ ሂዱና ሞተራችሁን እዩ።

ስለ ላይፍ ጃኬትም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። ላይፍ ጃኬት ሁሉ አንድ አይደለም። ላዩ ላይ በኒውተን የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ጃኬቱ ሰውን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል መለኪያ ነው። 50 የተባለው መዋኘት ለሚችል፣ ነፍሱን ለሚያውቅ ሰው ነው። 100 ረጋ ላለ ውሃ ነው። 150 ደግሞ ለባሹ ራሱን ቢስት እንኳ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያዞርለት ታስቦ የተሠራ ነው። የልጆች ደግሞ በኪሎ ነው የሚመረጠው፤ አባት "ያድግበታል" ብሎ የሚገዛው ትልቅ ጃኬት ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ጣና ላይ ለቱሪስት ጃኬት እናለብሳለን። ደቅ ደሴት ላይ የሚኖረው፣ ለገበያና ለሕክምና በጀልባ የሚመላለሰው ወገናችን ግን ስንቱ ነው የሚለብሰው? ልጁስ? ይህ ከምንም በፊት መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ። ጀልባ ባለቤቶች እኛው ነን፣ ማንንም መጠበቅ የለብንም።

በሌላ ቀን የአጎቴ ልጅ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ክሪኩ ወሰደን። ደይራና ቡር ዱባይ መሐል የሚገባ የባህር ክንድ ነው። እዚያ አብራ የሚባሉ የእንጨት ጀልባዎች አሉ፤ በአንድ ድርሃም ያሻግሯችኋል። ተሳፋሪው መሐል ላይ ባለው አግዳሚ ጀርባና ጀርባ ሆኖ ይቀመጣል። ነጂው በመካከሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ እግሩ ሥር። ጋሼ አንዴ ተሻግረን አልበቃቸው አለ። ደግመን ተሳፈርን፣ ደግመን ተመለስን። ነጂው ወደ ዳር ሲጠጋ ሞተሩን ቀድሞ ቀንሶ በውሃው ግፊት ብቻ ሲያስጠጋው እያዩ "ይኼ ያውቃል" አሉ። የእኛ ሥራ ነው እኮ፣ ያው የሕዝብ ትራንስፖርት። ከኤግዚቢሽኑ ይልቅ ጋሼ የሙያ ወንድማቸውን ያገኙት እዚያ ነው።

ደይራ በኩል ደግሞ ትላልቅ የእንጨት ዳው ጀልባዎች ፍሪጅና ጎማ ሲጭኑ አየን። ወደ ኢራንና ወደ ሶማሌ ጠረፍ ይሄዳሉ። በርበራ ከደረሰ ዕቃ ውስጥ ስንቱ በቶጎ ጫሌ አድርጎ ጅግጅጋ ገብቶ ይሆን እያልኩ ቆሜ አየሁ። ወደብ ባይኖረንም የዚያ ገመድ አንዱ ጫፍ እኛ ቤት ነው። ትልቋ መርከብ ጣናነሽ ሁለት እንኳ ወደ ጣና የመጣችው ከጅቡቲ በየብስ፣ በተሽከርካሪ ተጭና ነው። መርከብ በተራራ መሐል! ያንን ያደረገ ሕዝብ የበርሜል መውረጃ ያቅተዋል ብላችሁ አትንገሩኝ።

እንግዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣው ነገር ይኸው ነው። ጀልባ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ገንዘብ ሲኖር ይገዛል። እኛን የጎደለን በጀልባው ዙሪያ ያለው ነው። መውረጃው፣ መለዋወጫው፣ ሞተሩን ለከፍታው የሚያስተካክለው መካኒክ፣ የልጅ ጃኬቱ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መርከበኛ ይሠለጥናል፣ ልጆቻችን በዓለም ውቅያኖስ ላይ በትልልቅ መርከቦች ይሠራሉ። ያ እውቀት ሐይቁ ዳር፣ ከእኛ አጠገብ ነው ያለው። ከእነሱ ጋር ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም። እጀምራለሁ ብያለሁ፣ አንዱን መምህር አናግሬ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ከዱባይ ይዘን የመጣነው አንድ ፕሮፔለር፣ ጥቂት ማግኒዚየምና የልጆች ላይፍ ጃኬቶች ነው። ጋሼ ደግሞ ከመጣን በሳምንቱ መውረጃችን አጠገብ የብረት ቱቦ ተክለው በየግማሽ ሜትሩ ቀለም ቀብተውበታል። የውሃውን መውረድ እስከ ሰኔ ልንመዘግብ ነው፤ ምሰሶው ምን ያህል መርዘም እንዳለበት የምናውቀው ከዚያ ነው። በርሜሉን የሚሠራልን ሰው አግኝተናል፣ ዋጋው ላይ እየተነጋገርን ነው። ጣና ላይም ሆነ ሐዋሳ፣ ዝዋይም ሆነ አርባ ምንጭ በጀልባ የምትሠሩ ካላችሁ የእናንተ ውሃ በዓመት ስንት እንደሚወርድ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል ጋሼን ማይክ ፊት አስቀምጣቸዋለሁ፤ ስለ ነፋስ ነው የምንጨዋወተው። ደህና ሁኑልኝ።