መደርደሪያውን ያስቆለፈን ፍርሃት
ሐዋሳ ላይ ለተሰበሰቡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከኮሌጅ፣ ከትምህርት ቤትና ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ሙያ ማሻሻያ ተናገር ተብዬ ስጋበዝ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እናገራለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ወደዚያም እደርሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ሞዴል 19 እና ስለ ሞዴል 22 መናገር እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችንን ከሙያችን ያራቁን እነዚህ ሁለት ቅጾች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፍ ተገዝቶ ሲመጣ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ ያደርገዋል። ከዚያም በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በአንድ ሠራተኛ ስም ይመዘገባል። ወንበሩና ጠረጴዛው እንደተመዘገቡት ሁሉ መጽሐፉም በዚያ ሰው እጅ ያለ ቋሚ ንብረት ይሆናል። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ይጠየቃል፤ በቆጠራ የጎደለ መጽሐፍ ከተገኘ ዕዳው የእርሱ ነው። አንድ ከውጭ የመጣ የሕክምና ወይም የምህንድስና መማሪያ መጽሐፍ ዋጋው ከአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ሊበልጥ እንደሚችል እዚህ ላለነው ሰዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ይህ ሰው ምን ያድርግ? ይቆልፋል። አዲሱን መጽሐፍ ሪዘርቭ፣ ማለትም ወደ ውጭ በውሰት የማይወጣ መጽሐፍ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ያስገባዋል። አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከቢሮው ቁም ሣጥን አያወጣውም። በመደርደሪያ መካከል ቆሞ የሚያገላብጥን ተማሪ በጥርጣሬ ይከታተላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልጆቹን የሚያሳድግበትን ደመወዝ እየጠበቀ ነው። ይህን ሰው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን አስቀምጠን ስለ መልካም የአንባቢ አገልግሎት ብናሠለጥነው፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደዚያው ቁልፍ ይመለሳል። ሥልጠናው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የተማረውን በሥራ ላይ ቢያውል የሚያስከፍለው አሠራር ቢሮው ውስጥ ስለሚጠብቀው ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በሙያው እንዲያድግ ከፈለግን አስቀድመን ከዕዳ ፍርሃት እናላቅቀው።

ህንዳዊው ኤስ. አር. ራንጋናታን የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ሙያውን አያውቀውም ነበር፤ ለንደን ሄዶ ተማረ። በ1931 ያሳተማቸው አምስት ሕጎች ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሙያችን መሠረት ሆነው ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው ሕግ መጻሕፍት ለመገልገያ ናቸው የሚለው ነው። ለእኛ ግልጽ የሚመስለውን ነገር ሕግ ማድረግ ያስፈለገው ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ለማስቀመጥ እንጂ ለመስጠት ስላልተሠሩ ነው። በአውሮፓ መጽሐፍ በሰንሰለት ከመደርደሪያ ጋር ይታሰር የነበረበት ዘመን ነበር። የእኛ ሰንሰለት ሞዴል 22 ነው።

ይህን ስል መጽሐፍ ይጥፋ፣ ተጠያቂነት ይቅር ማለቴ አይደለም። የንብረት ክፍል ባልደረቦቻችንም ጠላቶቻችን አይደሉም፤ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ነገር ግን መጽሐፍ በሚነበብበት ቦታ ሁሉ መጽሐፍ ያረጃል፣ ይገነጠላል፣ ጥቂትም ይጠፋል። ሠራተኛ ሆን ብሎ ወይም በግልጽ ቸልተኝነት ላጠፋው ይጠየቅ። በአገልግሎት ላይ እያለ የጠፋው ግን በኮሚቴ ተጣርቶ ከመዝገብ የሚሰረዝበት የተጻፈ መመሪያ በየመሥሪያ ቤታችን ሊኖር ይገባል። ያለ መመሪያ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ወደ መቆለፍ ያዘነብላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። በምላጭ የተቆረጠ ገጽ አይታችሁ ያላዘናችሁ የላችሁም። እኔ ግን ከቁጣው በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ተማሪው ያቺን ገጽ በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝበት ዕድል ነበረው ወይ? ፎቶ ኮፒ የለም፤ ቢኖርም ቀለም አልቋል፤ መጽሐፉን ወደ ውጭ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ኮፒ ማድረግ ጭራሽ በሕግ የተከለከለ ይመስለናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለትርፍ የማይሠሩ ቤተ መጻሕፍት ለጥናት የሚፈልግ ሰው ሲጠይቃቸው ከታተመ ሥራ አጭር ክፍል ወይም አንድ ጽሑፍ በተወሰኑ ሁኔታዎች ገልብጠው እንዲሰጡ ይፈቅዳል። ይህን አዋጅ ቁጭ ብሎ ማንበብ የሙያ ማሻሻያ ነው። አበል የለውም፤ ሆቴልም አያስፈልገውም፤ ግን ብዙ ገጾችን ከምላጭ ያድናል።

አሁን ወደ አገልግሎት መስጫው ጠረጴዛ እንምጣ፤ ሙያችን በእውነት የሚታየው እዚያ ነውና።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መጥታ፣ “ጋሼ፣ ስለ ቡና መጽሐፍ አለ?” አለች እንበል። የተለመደው መልስ፣ “አዎ፣ ግብርና መደርደሪያ ላይ ፈልጊ” ነው። መልሱ ውሸት የለበትም። ልጅቷ ሄዳ ስለ ቡና አፈላልና ስለ ቡና ንግድ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ታገላብጣለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ባዶ እጇን ትወጣለች። ተመልሳ አትጠይቅም፤ ሁለተኛ መጠየቅ ያሳፍራታል።

ሌላው መልስ ይህ ነው። “አለ የኔ ልጅ፤ ስለ ቡና ምኑን ነው የምትፈልጊው?” ትንሽ ታመነታለች። “ስለ በሽታው።” “የቅጠሉን ነው የፍሬውን?” አሁን ፊቷ ይፈታል። “የፍሬውን። አለታ ወንዶ አባቴ ማሳ ላይ ፍሬው ሳይበስል እየጠቆረ ይረግፋል። ለክፍል ሥራዬም እሱኑ ልጽፍ ነው።” እነሆ፣ ጥያቄው ስለ ቡና አልነበረም፤ የቡና ፍሬ በሽታ ስለሚባለው የፈንገስ በሽታ ነበር። በሽታው በአገራችን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ምርምር ተሠርቶበታል። ምርምሩ ግን በአብዛኛው መደርደሪያችን ላይ ሳይሆን በመጽሔቶች ውስጥ ነው ያለው። ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች የጠየቀ ሠራተኛ ልጅቷን ወዴት እንደሚመራት ያውቃል።

ይህን የመጠየቅ ጥበብ ማንም ሊማረው ይችላል። ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚዘጋ እንዳይሆን መጠንቀቅ፣ አንባቢው ሲናገር አለማቋረጥ፣ በመጨረሻም “የፈለግሽውን አገኘሽ?” ብሎ ማረጋገጥ ነው። ከባልደረባ ጋር እየተፈራረቁ አንዱ አንባቢ፣ አንዱ ሠራተኛ ሆኖ መለማመድ ይቻላል። እኔ ከማውቃቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ለአንባቢ ፈጥኖ የሚደርሰው ይህኛው ነው።

ልጅቷን ወደ መጽሔቶቹ ለመምራት ደግሞ በሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ሥርዓት በጤና ሂናሪ፣ በግብርና አጎራ በሚሉ ክፍሎቹ የታወቁ የምርምር መጽሔቶችን በዝቅተኛ ገቢ ላይ ላሉ አገሮች ተቋማት ያቀርባል። ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002፣ አጎራ በ2003 ሥራ ጀመሩ። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። የሚጠበቀው ተቋሙ መመዝገቡ ብቻ ነው። ግን የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ተጽፎ፣ ያ ሰው ለትምህርት ሲሄድ አብሮት የሄደበትን ቤተ መጻሕፍት አውቃለሁ። ይህም ያው የመቆለፍ ልማድ ነው፤ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ እንጂ አልተለወጠም።

ስለ ካታሎግም፣ ማለትም አንባቢ መጽሐፍ ስለሚፈልግበት ዝርዝር መዝገብ፣ ትንሽ ልናገር፤ ምክንያቱም በየቀኑ ስለምንሠራው ችግሩን ማየት አቁመናል።

አንባቢ “ሀይሉ” ብሎ ይጽፋል፤ እኛ “ኃይሉ” ብለን መዝግበናል፤ ኮምፒውተሩ “አልተገኘም” ይላል። መጽሐፉ ግን ከአንባቢው ጀርባ መደርደሪያው ላይ ነው! የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ኮሃን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራሞችም አማርኛን ያለ ችግር ይቀበላሉ። ሀን ከሐ እና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር የሚያስማማ ደንብ ማውጣት ግን የፕሮግራሙ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ሠራተኛ የአባትን ስም አስቀድሞ ያስገባል፤ ሌላው በራሱ በደራሲው ስም ይመዘግባል፤ አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ይሆናል። የኢትዮጵያ ደራሲ መመዝገብ ያለበት በራሱ ስም ነው፤ ዓለም አቀፉም የካታሎግ ልማድ ይህን ይቀበላል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው የሲዳምኛ መጽሐፍ ሲጨመር ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍ አንድ ሰው በሁለት ፊደል ይመጣል፤ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ መዝገብ ከሌለን አንባቢው ግማሹን ሥራ ብቻ ያገኛል። የኅትመት ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ 2005 ተብሎ የተመዘገበው ዓመተ ምሕረት ይሁን የፈረንጅ ዘመን ካልተገለጸ፣ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ካታሎጉ ውስጥ ይቀመጣል።

አንድ የሐዋሳ ምሳሌ ልጨምር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ስላሰፈረው ስለ ፍቼ ጫምባላላ አንድ መጽሐፍ መጣ እንበል። መጻሕፍት በሚያወሱት ጉዳይ ቁጥር በሚሰጣቸው በዲዊ አመዳደብ በዓላት 394.26 ላይ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። አንዱ ቤት እዚህ፣ ሌላው እዚያ ያስቀምጠዋል፤ ሦስተኛው ሃይማኖት ውስጥ ይከተዋል። ሁሉም የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው። ግን በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ በደቂቃዎች የምንደራረስ ሰዎች፣ ስለ ገዛ ከተማችን በዓል በአንድ ቁጥር መስማማት አያቅተንም። በስልክ እንኳ ያልቃል።

መብራት መጥፋቱ፣ የኢንተርኔት መቆራረጡ፣ በፈተና ሰሞን የወንበር ጭቅጭቁ፣ በእርዳታ መጥቶ ማንም የማይከፍተው የአሮጌ መጽሐፍ ካርቶን፣ እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ ስለምትነጋገሩባቸው እዚህ አልዘረዝራቸውም። ስለ ካርቶኑ ብቻ አንድ ቃል ልበል፦ ቦታ የያዘ የማይነበብ መጽሐፍ በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ በኩል መውጣት አለበት። ኮሚቴው እስኪጠራን አንጠብቅ፤ ዝርዝሩን ከነምክንያቱ ጽፈን እኛ እንጥራው።

በዚህች ከተማ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን አለማንሣት አይቻልም። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ባለሙያ የነበሩ ሰው ናቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ እዚሁ ሐዋሳ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ጀግኖች ብሎ ከመረጣቸው ሰዎች አንዱ ሆነዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። መጽሐፍ ጭኖ መንገድ ላይ መውጣት ማለት መጽሐፉ አቧራ፣ ፀሐይና የልጅ እጅ እንደሚነካው ተቀብሎ መውጣት ማለት ነው። በሞዴል 22 ዓይን ቢታይ ያ ጋሪ ከበር አይወጣም ነበር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም እዚህ ስላላችሁ በቀጥታ ልናገር። የሥልጠና በጀት ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት በጥድፊያ የሚወጣ ገንዘብ ሆኖ መቅረት የለበትም። ለባለሙያዎቻችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡ፤ ቤቱ ለአንባቢ ከመከፈቱ በፊት ያለው ማለዳ ይበቃል። በዚያ ሰዓት አንዱ ባልደረባ ያነበበውን ያስረዳል፤ በሳምንቱ መልስ ያጣ የአንባቢ ጥያቄ ይነሣል፤ የካታሎግ ስሕተት ይታረማል። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞቻችንም ይግቡበት። አንባቢ መጀመሪያ የሚያገኘው በር ላይ ያለውን ሰው ነውና፣ “ሁለተኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ እገሊትን ጠይቅ” ማለት የሚችል ጥበቃ የአገልግሎቱ አካል ነው። የሥራ አፈጻጸም ስትሞሉም ስንት መጽሐፍ ሳይጎድል ቀረ ከሚለው ይልቅ ስንት አንባቢ የፈለገውን አገኘ የሚለውን ጠይቁ። ሠራተኛው የትኛው እንደሚመዘገብለት ያያል፤ ሥራውንም በዚያው ልክ ያስተካክላል።

በፊታችሁ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ለየመሥሪያ ቤቱ ንብረት አስተዳደር የሚቀርብ የመመሪያ ሐሳብ ረቂቅ ነው፤ በአገልግሎት ላይ የጠፋና ያረጀ መጽሐፍ እንዴት ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ይዘረዝራል። ሁለተኛው የፊደል፣ የስምና የዘመን አጻጻፍ ደንብ ነው፤ ሆን ብለን በአንድ ገጽ ወስነነዋል። ሁለቱም ረቂቅ ናቸውና በእስክሪብቶ እየሰረዛችሁ አርሟቸው። የንብረት ክፍል ባልደረቦች ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይቀላቀሉናል፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ከእነርሱ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ እናየዋለን። የማያስኬድ የመሰላችሁን ፊት ለፊት ንገሩን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።