ሦስተኛዋን መስመር አትናቋት

ውድ የፍሬሽማን ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ?

የዲፓርትመንት መምረጫ ቅጽ ሊሰጣችሁ ነው። ሰሞኑን የዶርሙ ወሬ ሁሉ ስለ አንደኛ ምርጫ እንደሆነ አውቃለሁ። "ምን ልትሞላ ነው?" "ሶፍትዌር።" "አንቺስ?" "ሜዲስን።" በቃ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በታች ያሉትን መስመሮች ብዙ ሰው የሚሞላቸው ቅጹ ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው። እኔ የመጣሁት ስለ እነሱ ላወራ ነው።

ምደባው እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ዲፓርትመንት የሚቀበለው ተማሪ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ቅድሚያ የሚያገኘው ውጤቱ ከፍ ያለው ነው። ቦታው ሲሞላ ቀጣዩ ተማሪ ወደ ሁለተኛ ምርጫው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይወርዳል። እንግዲህ አስቡት፤ ለዓመታት የምትማሩት በግዴለሽነት የጻፋችሁትን ሊሆን ይችላል።

ቤተሰብ "ዶክተር ወይ ኢንጂነር" ይላል። አይፈረድባቸውም። በ2000ዎቹ ዓመታት መንግሥት ራሱ ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ብሎ ነበር። ያኔ የኮንዶሚኒየሙም የመንገዱም ግንባታ ጦፎ ነበር። ተመራቂው በዛ፤ ሥራው ግን እኩል አልበዛም። የቤተሰብ ምክር አንዳንዴ የትናንትናውን ገበያ አይቶ ነው የሚሰጠው።

እና በምን እንምረጥ? የትምህርቱን ስም ተዉትና የቀን ውሎውን እዩ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ውስጥ ለሰርቬይንግ፣ ማለትም ለመሬት ልኬት፣ ፀሐይ ላይ ተገትሮ መዋል አለ። አካውንቲንግ ውስጥ ሂሳቡ በጥቂት ሳንቲም አልዘጋ ሲል ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ መልቀም አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ደግሞ አንዲት ምልክት ጎድላ ኮዱ ሌሊቱን ሙሉ እምቢ ይላል። በዚህ ነገር ደሙ የሚፈላ ሰው አለ። ስህተቱን ሳያገኘው እንቅልፍ የማይወስደውም አለ። እናንተ የትኛው ናችሁ?

ፍሬሽማን የወሰዳችኋቸው ኮርሶችም ፍንጭ ይሰጣሉ። ጥሩ ውጤት ያመጣችሁበትን ብቻ አትቁጠሩ፤ ሸምድዶም ይመጣል። የሎጂክ ፈተና ካለቀ በኋላ ዶርም ውስጥ ስለ ፋላሲ፣ ማለትም ስለ ተሳሳተ ሙግት፣ ሲከራከር የሚያመሽ የሶሻል ተማሪ ካለ፣ ሕግን መጨረሻ መስመር ላይ ባይጥለው ደስ ይለኛል።

ጓደኛ ስለሞላው የምትሞሉም አላችሁ። ተዉ! ጓደኛችሁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሌላ ጓደኛ ይይዛል፣ እናንተ ከቴርሞዳይናሚክስ ጋር ትቀራላችሁ። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። የማይወዱትን ትምህርት ለየፈተናው አጥንቶ ወዲያው መርሳት ድሮ ያዋጣ ይሆናል። አሁን የዓመታቱ ትምህርት ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ ይጠብቃችኋል።

ከኋላ የተቀመጡት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። "ዲፓርትመንትህ አሪፍ ነው?" ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ አዎ ነው የሚሏችሁ። "ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?" በሏቸው። የሜዲስንና የሶፍትዌር ልጆችን ሁሉም ይከባቸዋል። እናንተ መጀመሪያ የሦስተኛ ምርጫችሁን ልጅ ፈልጋችሁ ያዙ። ሻይ እስኪያልቅ ድረስ እዚሁ ናቸው።

አመሰግናለሁ።