ካንድሉ ውስጥ ማን ቀደመ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ ከጎንደር፣ ከማራኪ። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ቻሉኝ፣ መስኮቱን ከዘጋሁት ይሞቀኛል።

ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ የፎሬክስ (የውጭ ምንዛሬ ንግድ) ወይም የወርቅ ዋጋ ቻርት እያየ የሚያፈጥ ልጅ አሁን ብርቅ አይደለም። ስትጠይቁት "ባክቴስት አድርጌዋለሁ፣ ይሠራል" ይላችኋል፤ ስልቴን ባለፈ ዋጋ ላይ ሞክሬዋለሁ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ነገረኛ ስለሆንኩ አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ በምን ዳታ?

ካንድል፣ ቻርቱ ላይ የአንድ ደቂቃ ወይም የአንድ ሰዓት ዋጋ የሚያሳየው ምልክት፣ አራት ቁጥር እኮ ነው። መክፈቻ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ መዝጊያ፣ በቃ። እንበል ወርቅ በ2650 ገዛችሁ። ስቶፕ ሎስ (ኪሳራ ቆርጣችሁ የምትወጡበት ዋጋ) 2648፣ ቴክ ፕሮፊት (ትርፍ ይዛችሁ የምትወጡበት) 2652። ቀጣዩ የአንድ ደቂቃ ካንድል ወደ ላይ 2653፣ ወደ ታች 2647 ነካ። አተረፋችሁ ወይስ ከሰራችሁ? ካንድሉ አይነግራችሁም። ሁለቱም ዋጋ ተነክቷል፣ የትኛው እንደቀደመ ግን የትም አልተጻፈም። ባክቴስት የሚያደርግላችሁ ሲሙሌተርም በራሱ ደንብ ይገምታል፣ እናንተም ግምቱን ይዛችሁ "አሸነፍኩ" ትላላችሁ።

በቲክ የሚሠራ ሪፕሌይ፣ ማለትም ያለፈን ገበያ እንደገና ማጫወቻ፣ የሚፈታው ይሄንን ነው። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ቲክ የሚባል አንድ መስመር ይመዘገባል፤ ቢድ (ስትሸጡ የምታገኙት ዋጋ)፣ አስክ (ስትገዙ የምትከፍሉት ዋጋ)፣ ሰዓቱ እስከ ሚሊሰከንድ። ሶፍትዌሩ መስመሮቹን በቅደም ተከተል ያነባል፣ በሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል የነበረውን ጊዜ ያህል ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀጣዩን ልክ ከገበያ አሁን እንደመጣ አድርጎ ለቻርቱ ያቀብለዋል። አሥር እጥፍ አፍጥነው ካላችሁት የሚጠብቀውን ጊዜ ለአሥር ያካፍለዋል። ዳታው ኮምፒውተራችሁ ላይ ከወረደ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግድ የለም፤ መብራት ሄዶም ላፕቶፑ ቻርጅ እስካለው ትለማመዳላችሁ።

እኔ በጣም የምወደው ስፕሬዱ (በቢድና በአስክ መካከል ያለው ልዩነት) ነው። ሜታትሬደር በሚባለው የመገበያያ ሶፍትዌር ላይ የምታዩት የፎሬክስ ቻርት የሚሳለው በቢድ ነው። ሸጣችሁ ከገባችሁ ግን መልሳችሁ ገዝታችሁ የምትወጡት በአስክ ነው። ስለዚህ ቻርቱ ስቶፓችሁን ሳይነካው አስኩ ነክቶት ከገበያ ትባረራላችሁ፣ ከዚያ በሚያገበያያችሁ ድርጅት ላይ "ብሮከሩ ሌባ ነው" የሚል ጩኸት ይጀመራል። ኒውዮርክ ቀኑን ስትዘጋ፣ በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በነሱ ክረምት 7 ሰዓት ላይ፣ ስፕሬዱ ብዙ ጊዜ ይሰፋል። ያቺን ሰዓት በቲክ አጫውቷት፤ አንዳንዴ ቢዱ ቁጭ ብሎ አስኩ ብቻ ሽቅብ ሲወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሌላም አለ። ጥር 7 ቀን 2007፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 15 ቀን 2015። እዚህ ጥምቀት ሊደርስ 4 ቀን ቀርቶታል። በኛ ከቀኑ 6፡30 ላይ የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ይዞት የነበረውን ወለል ተውኩት አለ። ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። ዩሮ ገዝቶ 1.1990 ላይ ስቶፕ ያስቀመጠ ሰው በ1.1990 የሚገዛው ሰው አላገኘም። ካንድል ብቻ የሚያይ ሲሙሌተር ግን "ዋጋው በዚህ አልፏል" ብሎ በ1.1990 ሊያስወጣችሁ ይችላል። በእውነተኛው ገበያ የእንግሊዙ አልፓሪ የሚባለው ብሮከር በማግስቱ ከሰርኩ አለ።

እንዲህም ሆኖ ሪፕሌይ ሁሉን አያደርግም። የተቀዳ ኳስ እያያችሁ ዳኛው ላይ ብትጮሁ አይሰማችሁም አይደል? ገበያውም እንደዚያው ነው። ሪፕሌይ ላይ አንድ ሺህ ሎት (ሎት የግብይት መጠን መለኪያ ነው) ብትገዙ ቀጣዩ ቲክ ያው የተመዘገበው ነው፣ ዋጋው አይነቃነቅላችሁም። በትንሽ ሎት ይሄ አያስጨንቅም። ሊሚት ኦርደር (በዚህ ዋጋ ወይም ከዚህ በተሻለ ግዛልኝ የሚል ትእዛዝ) ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ እንደ ፊውቸርስ (ለወደፊት የሚፈጸም ውል የሚነገድበት) ባለ ገበያ እዚያው ዋጋ ላይ ከእናንተ በፊት የተሰለፈ አለ፣ ዋጋው ነክቶት ቢመለስ ወረፋው እናንተ ጋ ላይደርስ ይችላል። ብዙ ሲሙሌተር "ነካ፣ ተገዛልህ" ብሎ ያልፈዋል። ደግ ነው፣ ከመጠን በላይ ደግ።

ሜታትሬደር 5 ያላችሁ ቴስተሩ (ባክቴስት ማድረጊያው) ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ ምርጫዎች አሉ። አንዱ "እያንዳንዱ ቲክ" ይላል፣ ግን ቲኩን ራሱ ከአንድ ደቂቃ ካንድል እየፈበረከ ነው። "በእውነተኛ ቲክ ላይ የተመሠረተ" የሚለውን ምረጡ። እሱም ቢሆን ቲክ ያልተመዘገበበት ደቂቃ ሲያጋጥመው እዚያች ላይ ይፈበርካል።

እና ደግሞ፣ ፎሬክስ አንድ ማዕከላዊ ገበያ የለውም። የእያንዳንዱ ብሮከር ቲክ የራሱ ነው። ጓደኛችሁ በሌላ ብሮከር ያንኑ ቀን አጫውቶ ስቶፑ ተርፎ የእናንተ ቢመታ አትጣሉ፤ ሁለታችሁም ያያችሁት ልክ ነው።