ሌንሱ ቦታውን ሲለቅ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጅማ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የማወራው የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ሌንስ ለተተከለላቸው ነው። ዓመታት በደህና ካዩ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ዓይናቸው ይደበዝዛል። «ሞራው ተመልሶ መጣ» ይላሉ። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥም አለ። የወጣ ሞራ ግን ተመልሶ አይመጣም። ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ደፍርሶ ከሆነ በሌዘር ይከፈታል፤ ብዙም አያስቸግርም። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው፦ ሌንሱ ራሱ ሲንሸራተት።

ሌንሱ የሚቀመጠው ሞራው በወጣበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ድንኳን በገመድ እንደሚወጠር፣ ከረጢቱንም ዙሪያውን ቀጫጭን ክሮች ወጥረው ይይዙታል። ክሮቹ ከላሉ ሌንሱ ከነከረጢቱ ይወርዳል። በአገራችን አረጋውያን ዓይን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናየው ነጭ ብናኝ ክሮቹን ቀስ በቀስ ያደክማል። ምትም አለ። ቡና ለቀማ ላይ ቅርንጫፍ ተፈናጥሮ ዓይን ሲመታ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ማታ ቤት ስትገቡ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍናችሁ አምፖሉን እዩት፤ ከዚያ ሌላውን። በአንድ ዓይን ብቻ እያያችሁ አምፖሉ ሁለት ከሆነ፣ ወይም ጎኑ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ መስመር ከታያችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ። ብልጭታ ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ ካለ ደግሞ ያኔውኑ! ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል፣ ተላቆ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው አለ። ጥቂት የተንሸራተተና እይታ ያልረበሸ ሌንስ በክትትል ብቻ ሊተው ይችላል። የባሰውን ወደ ቦታው መልሰን ከፀጉር በቀጠነ ክር ከነጩ የዓይን ክፍል ጋር እንሰፋዋለን፤ ካልሆነም በሌላ እንቀይረዋለን። ጃፓናዊው ሐኪም ሺን ያማኔ በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ደግሞ ክር እንኳ አይፈልግም። የሌንሱ ሁለት ቀጫጭን እግሮች በመርፌ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይሳባሉ፤ ጫፋቸው በሙቀት ይድቦለቦልና እዚያው ይቀረቀራል። እኔ ሳየው እስካሁን ይገርመኛል። ሌንሱ ወደ ኋላ ከሰመጠ ግን የሬቲና ሐኪም ያስፈልጋል፤ ለዚህ ወደ ሌላ ከተማ ልንልካችሁ እንችላለን። አስቀድሜ ብነግራችሁ ይሻላል።

ስትመጡ የቀዶ ሕክምናውን ካርድ ያዙ፤ የሌንሱ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ከጠፋም ግዴለም፣ እንለካዋለን።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።