የመጥበሻው ዘይትና የውኃ መሳቢያው ሞተር

የተከበራችሁ የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ የመስኖ ገበሬዎችና የወፍጮ ባለቤቶች፣ የማሠልጠኛችን ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ሰዎች እስካሁን የሚያገናኛቸው ጉዳይ አልነበረም። በዚህ በኩል ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ድንች የሚጠብሱ፣ የጠቆረ ዘይታቸውን የት እንደሚደፉት የቸገራቸው እናቶች አሉ። በዚያ በኩል ጄሪካን ይዘው ማደያ ደጃፍ ናፍጣ የሚጠብቁ ገበሬዎች። እኔ በሁለታችሁ መካከል ለሽምግልና ነው የመጣሁት፤ የአንዱ የጠቆረ ዘይት ለሌላው ሞተር ነዳጅ እንዲሆን።

ሽማግሌ ግን ነውርን አይደብቅም፤ ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት የአጎቴን ባለአንድ ሲሊንደር የውኃ መሳቢያ የናፍጣ ሞተር በጨርቅ ባጣራሁት የመጥበሻ ዘይት አስነሣሁት። ተነሣ! ጭሱ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸታል፤ የሰፈሩ ልጆች ከበቡን፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ከዳው። ስንፈታው ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል በጥላሸት ተደፍኗል፣ የፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶቹ) ተጣብቀው አልላቀቅ ብለዋል። አጎቴ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ባልዲ አንሥተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የውፍረቱ ነው። የምግብ ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከናፍጣ 10 እጥፍ ያህል ይወፍራል። ኖዝሉ ናፍጣን እንደ ጉም ይረጨዋል፤ ዘይቱን ግን በጠብታ ይተፋዋል፤ ጠብታው በወጉ ሳይነድ ያርርና እዚያው ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታይቷል ብላችሁ የምትከራከሩኝ አላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ትርኢት ሥራና የአንድ በጋ መስኖ ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ዘይቱን ማቅጠን አለብን። ይህን ጠርሙስ ተመልከቱ። ትናንት 1 ሊትር የተጣራ ዘይት በ55 ዲግሪ አሙቄ፣ ጥቂት ግራም ኮስቲክ ሶዳ (የሳሙና መሥሪያው ሶዳ) የሟሟበት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ጨምሬ አማሰልኩት። አድሮ ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ የጠጅ መልክ ያለው ቀጭኑ ባዮዲዝል (ነዳጃችን)፣ ከታች ጥቁር ማር የመሰለው ግሊሰሪን። ላይኛው ተቀድቶ በውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ ሞተር። የሶዳው መጠን ግን በግምት አይሆንም። ዘይት በተደጋጋሚ በተጠበሰበት ቁጥር አሲዱ ይጨምራል፤ ሶዳውም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጄሪካን ይለካል። ውኃ የገባበት ዘይት ደግሞ በነዳጅ ፈንታ ሳሙና ይሆናል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ በማንኪያ ወስዳችሁ በጋለ መጥበሻ ላይ አድርጉት፤ ከተንጣጣ ውኃ አለበት።

ሜታኖል ቀልድ አያውቅም። ጥቂቱን የጠጣ ዓይኑን ሊያጣ፣ ሊሞትም ይችላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። በየማጀቱ ይሠራ አልልም። እናንተ ዘይቱን አምጡ፤ ሥራውን ለወርክሾፑ ተዉት።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአገራችን የባዮፊውል (ከዕፅዋት የሚሠራ ነዳጅ) ስትራቴጂ ሲወጣ ስለ ጃትሮፋና ስለ ጉሎ ተክል ምን ያልተባለ ነበር! የመጥበሻ ዘይት ግን እርሻ አይሻም፤ ማዳበሪያም አይጠይቅም። ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን በአብዛኛው ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ነው፤ ቦይ ውስጥ ተደፍቶ ከሚደፍንብን ደግሞ ሞተር ቢያዞር ይሻላል። ከሱቅ አዲስ ዘይት ገዝቶ ለሞተር የሚያጠጣ ካለ ግን ያ ከልጅ አፍ መንጠቅ ነው፤ እኔ የለሁበትም። የአገሩን ናፍጣ ይተካል የሚላችሁንም አትመኑት። ከአንድ ሰፈር መጥበሻ የሚሰበሰበው ለጥቂት መሳቢያዎች ቢበቃ ነው።

ገበሬዎች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 2 ሊትር ባዮዲዝል ከ8 ሊትር ናፍጣ ጋር ቀላቅሉ። ባዮዲዝል የታንከሩን የቆየ ቆሻሻ ያላቅቃል፤ ፊልትሮው ቶሎ ቢደፈን አትደንግጡ፣ ቀይሩት። የጎማ ቱቦዎችንም እያያችሁ። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ብርድ አይችልም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በጄሪካኑ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ከእሱ የተሠራው ነዳጅም ጠባዩን ወርሷልና በነዚያ ወራት ናፍጣውን አብዙ።

ዘይት ይዛችሁ የመጣችሁ ከበሩ በስተግራ አስቀምጡልን፤ የሊጥና የሽንኩርት ፍርፋሪ ያለበትን ለብቻ። ሞተሩ ከደጅ ቆሟል። አጎቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ዛሬ የሚያስነሡት እሳቸው ናቸው።